የአሥራ አራት ዓመት ሥራዬን ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ላሻገረችልኝ ልጅ ምስጋና

ጎንደር ፍርድ ቤት አካባቢ ክስ፣ መልስና ይግባኝ እየጻፍኩ ቤተሰብ የማስተዳድር ራፖር ጸሐፊ ነኝ። የአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ ያለው በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ድርግም ይላል። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ ሲቋረጥበት፣ ማሽኔም ለዊንዶውስ 11 አይበቃም ሲባል፣ እንደምንም ቆጥቤ አዲስ ገዛሁ።

ፋይሎቼን እንዲያዛውርልኝ መጀመሪያ የሰጠሁት ለሌላ ሰው ነበር። በሁለተኛው ቀን አዲሱን ላፕቶፕ ስከፍት ክሶቼ በሙሉ የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ክምር ሆነው ጠበቁኝ። “ፋይሉ ተበላሽቷል፣ እንደገና መጻፍ ነው” ተባልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። በቀጠሮ ላይ ያሉ የሰው ጉዳዮች ናቸው።

በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፒያሳ ወዳለች አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ወሰደኝ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ባለሙያዋ ወጣት ናት። አንዱን ክስ ከፍታ ትንሽ አየችውና “ጋሼ፣ በምን ነበር የሚጽፉት?” አለችኝ። በድሮው ፓወር ግዕዝ አልኳት። “እንግዲያው ጽሑፉ አለ፤ የጎደለው ፊደሉ ብቻ ነው” አለች። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ ውስጡ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ የግዕዙን መልክ የሚያለብሰው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ፎንት ነው። ፎንቱ ሳይዛወር ሰነዱ ብቻ ከተዛወረ የሚታየው ያ ክምር ነው። ከአሮጌው ላፕቶፕ የፎንት ፎልደር የግዕዞቹን ለይታ አምጥታ ስትጭን፣ ያው ክስ “ከሳሽ” ብሎ ጀመረ። እግዚአብሔር ይስጥሽ ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም።

ሥራዋን ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። ቀድሞ የተዛወረውን ሳታምን ሁሉንም ከመጀመሪያው እንደምትገለብጥ ነገረችኝ፤ ዋጋውንም ቁርጡን ያወቅሁት ገና ብሎን ሳይፈታ ነው። ከዚያ የአሮጌውን ላፕቶፕ ሆድ ከፈተች። ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ በእስክሪብቶ ነድፋ፣ እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቦታ ልክ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠቻት። ሃርድ ዲስኩን አውጥታ በገመድ ከአዲሱ ጋር አገናኘችው። ምክንያቱን ስጠይቃት “መብራት ቢሄድ አሮጌው ወዲያው ይጠፋል፣ አዲሱ ግን ባትሪ አለው” አለችኝ። እውነትም ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ፤ ሱቁ ጨለመ፣ ቅጂው ግን ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ሲያልቅ የሁለቱን ዲስኮች የፋይል ብዛት አመሳከረች። አሮጌው ላይ 11,482፣ አዲሱ ላይ 11,479። ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ፋይል ምን አላት ብሎ ያልፍ ነበር። እርሷ ፈልጋ አገኘቻቸው። እኔ ለፋይል ረጅም ስም የመስጠት ልማድ አለኝ፤ የባለጉዳዩ ስም፣ የመዝገቡ ዓይነት፣ “የመጨረሻ የተስተካከለ” እያልኩ። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ የፋይሉ ስም ከነፎልደሮቹ ተደምሮ 260 ያህል ፊደል ሲያልፍ አይቀበልም። አዲስ ፎልደር ውስጥ ሲገቡ ሦስቱ ከልኩ አልፈዋል። ስማቸውን አሳጥራ አስገባቻቸው። አንደኛው የአንዲት እናት የቀለብ ጉዳይ ነበር።

ቅንብሩንም አልረሳችም፤ ለእኔ ከፋይሉ የማይተናነስ ነገር ነው። በማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ የራሴ አቋራጮች አሉኝ። “92ማ” ብዬ ስጽፍ፣ ያቀረብኩት ክስ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ የሚለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። እንዲህ ያሉት ከሰነዶቹ ጋር አይቀመጡም፤ የወርድ የራሱ ፋይሎች በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይዘዋቸዋል። ከዚያ አወጣቻቸው። የኪቦርዱን የፊደል አቀማመጥም እጄ በለመደው አደረገችልኝ። “ይሞክሩት” ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ 92ማ ብዬ ጻፍኩ፣ ዓረፍተ ነገሩ ወረደ።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። የእኔ ፋይል የሰው ገመና ነው፦ ፍቺ፣ ውርስ፣ የአባትነት ክርክር። ለሙከራ የምትከፍተውን ሰነድ “እርስዎ ይምረጡልኝ” አለችኝ፤ ከዚያ ውጭ አንድም አልከፈተችም። የይለፍ ቃል ሳስገባ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አዲሱ ላፕቶፕ ዲስኩን በምስጢር ስለሚቆልፍ፣ ድንገት ቢያስፈልግ የሚከፍተውን 48 አሃዝ ቁጥር በእጄ እንድጽፍና ከቤት ካርታዬ ጋር እንዳስቀምጥ አደረገችኝ።

ስትሸኘኝ ሁለት ነገር አሳሰበችኝ። አንደኛ፣ አሮጌውን ዲስክ ቢያንስ ሁለት ወር ሳልነካው እንዳቆይ። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ የምጽፈውን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር፣ እንድጽፍ፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነውና በዚያ የተጻፈ ሰነድ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይም ይነበባል። የቆዩትን የጽሑፍ ናሙናዎቼን ወደ ዩኒኮድ እንዴት እንደምቀይር ከእነርሱ በሁለቱ ላይ አሳየችኝ። እስካሁን ሃያ ስድስት ቀይሬያለሁ።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ቃሏን አከብራለሁ። ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ሰበካ ጉባኤ ውስጥ የምትሠሩ፣ በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ያላችሁ በግል ጻፉልኝ፣ ሱቋን አመላክታችኋለሁ። ስትሄዱ ሁለቱንም ላፕቶፕ ከነቻርጀራቸው ያዙ፣ አሮጌው ላይ ምንም አታጥፉ፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚበዛባት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ይሻላል።