የፒያሳው ጨዋታ ማሳያ ቤትና የጠመኔው ክርክር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለው ይህ ጨዋታ ማሳያ ቤት በአብዛኛው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚታይበት ቢሆንም፣ እኔን ደንበኛ ያደረጉኝ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተጻፉት 894 እና 895 የተባሉ ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው ካናዳዊው ዌይን ግሬትስኪ በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ መደበኛ ውድድር ያስቆጠራቸው ጎሎች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኦቬችኪን መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ክብረ ወሰኑን የሰበረበት ነው። ብርድ ሲባል ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብቻ ለምናውቅ ሰዎች ከሁለቱ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር እንግዳ ይመስላል፤ የቤቱ ባለቤት ግን ሻይ እየቀዱ ጭምር ያብራሩታል።

ኦቬችኪን 895ኛዋን ጎል ያገባው በ1,487ኛ ጨዋታው ሲሆን፣ ግሬትስኪም በሊጉ የተጫወተው ልክ ይህንኑ ያህል ነበር። ሆኖም ግሬትስኪ የነገሠበት የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዘመን በየጨዋታው ብዙ ጎል የሚገባበት ስለነበር፣ ቁጥሩን እንዳለ ማነጻጸር ሚዛን ያጎድላል። በሌላ በኩል ግሬትስኪ ለጎል ያመቻቻቸው 1,963 ኳሶች (ኳስ እንበለው እንጂ ጠፍጣፋ ጎማ ነው) ብቻቸውን ከማንኛውም ሌላ ተጫዋች አጠቃላይ ነጥብ (ያስቆጠራቸው ጎሎችና ለጎል ያመቻቻቸው ኳሶች ድምር) ይበልጣሉ። እኔ በጎል አግቢነት ኦቬችኪንን፣ በሁለንተናዊ ችሎታ ግሬትስኪን አስቀድማለሁ።

ቅርንፉድ ያለበት ሻዩ ግሩም ነው። መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች ግን ክርክሩ ሳያልቅ ወገብ ያሳምማሉ፤ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር ስለሌለ ሒሳብ ከፍሎ መውጣት ግድ ነው።