ታንክ ጭቃ ሲውጠው ማን ያወጣዋል? ሦስት ጎታቾች ጎን ለጎን

ብረት ለበስ ጎታች የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ክሬኑን ነው። ለፎቶ ያምራላ! ገዢው ግን ዊንቹን፣ ማለትም የብረት ገመድ እየጠቀለለ የሚስበውን መሣሪያ፣ ቢያይ ይሻለዋል።

ለምን? በአሜሪካ ጦር የማውጫ ስሌት ታንክ እስከ ጎማው ከሰመጠ የሚያስፈልገው የመሳብ ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል ነው። እስከ ጭቃ መከላከያው ከገባ እጥፍ ይሆናል። እስከ ማማው ከተዋጠ ደግሞ ሦስት እጥፍ። 45 ቶን የሚጠጋ ቲ-72 ዋልካ ውስጥ እስከ ጭቃ መከላከያው ከገባ 90 ቶን ፈለገ ማለት ነው።

የሩሲያው ብሬም-1 የተሠራው በዚሁ በቲ-72 ሻንሲ ላይ ነው። ክብደቱ 41 ቶን፣ የክሬኑ አቅም 12 ቶን። ዊንቹ 25 ቶን ይስባል፣ የብረት ገመዱ 200 ሜትር ነው። ወረቀቱ ላይ «100 ቶን» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። እውነት ነው፣ ግን በፑሌ ነው፤ ገመዱ በሚዞርበት መዘውር ማለት ነው። ገመዱ አራት ጊዜ ሲታጠፍ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ የሚደርስበት ርቀት ግን ወደ 50 ሜትር ይወርዳል። ታንኩ ረግረጉ መሃል ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

የጀርመኑ ቡፈል የጀርመን ታንክ የሆነው የሌኦፓርድ 2 ወንድም ነው። 54 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ሞተሩ 1500 የፈረስ ጉልበት አለው። ዊንቹ 35 ቶን፣ በፑሌ 70 ቶን ይስባል። እኔን የማረከኝ ግን ጥገናው ነው። የሌኦፓርድ 2 ሞተር ከነካምቢዮው እንደ አንድ ዕቃ ይወጣል። ቡፈል መለዋወጫ ሞተሩን ጀርባው ላይ ጭኖ ይመጣል፤ በ30 ቶን ክሬኑ የተበላሸውን ያነሳል፣ አዲሱን ያስቀምጣል። ቲ-72 ላይ ይህ ሥራ መካኒኮቹን ሰዓታት ይፈጃል።

የአሜሪካው ኤም88ኤ2 ሄርኩሊስ ጉልበተኛ ነው። ያለ ምንም ፑሌ 63 ቶን ይስባል። ግን ራሱም 63 ቶን ይመዝናል፣ ሞተሩ ደግሞ 1050 የፈረስ ጉልበት ብቻ። ስለዚህ ይንፏቀቃል። አዲሶቹ የአሜሪካ አብራምስ ታንኮች እየከበዱ ሲሄዱ ደግሞ አንዱን ለመጎተት ሁለት ሄርኩሊስ ማሰለፍ ግድ ሆነ።

ምርጫው እንግዲህ ካላችሁ ታንክ ይጀምራል። እንደ ኢትዮጵያ ቲ-72 የታጠቀ ጦር ብሬም-1 ቢይዝ ሞተሩም ሰንሰለቱም ከታንኩ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ መለዋወጫና መካኒክ ለብቻ አይፈልግም። ድልድዩና ሎቤዱም ታንኩን ከቻሉ እሱን ይችሉታል። ቡፈል ለሌኦፓርድ ባለቤት ነው። ሄርኩሊስን አብራምስ ለሌለው አልመክርም።

ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ያለ ፑሌ ስንት ቶን ይስባል? ፑሌዎቹስ ዋጋው ውስጥ አሉ?