የቴሌስኮፔን ሚዛን ያስያዙልኝ የቶርኖ ባለሙያ

ይህን ጋሼ እንደማያነቡት አውቃለሁ። ስማርት ስልክ አይወዱም። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም።

እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የቴሌስኮፔን ማቆሚያ ይዛልኝ መጣች። ሚዛን የሚጠብቁትን ሁለት ብረቶች ግን እዚያው ትታቸዋለች። ለ10 ኪሎ ደረቅ ብረት ማን ሻንጣ ይከፍላል? አልፈረድኩባትም። አንድ ቦታ ወስጄ አሠራሁ፤ ቀዳዳው ከመሀል ወጥቶ፣ ብረቱ የሚሰካበት የማቆሚያው ዘንግ ላይ ሲንገዳገድ ብሬን አቅልጦ ቀረ።

ጋሼ መጀመሪያ ያሉኝ "ዘንጉን አምጣው" ነው። ለኩት፤ 18 ሚሊ ሜትር። ከዚያ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ብረቶች ከቶርኖው ወጡ። እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ገደማ። ዘንጉ ላይ ሲገቡ ኮሽታ የላቸውም።

"ለምንህ ነው ግን?" አሉኝ። ሰማዩ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ እንደሚዞር፣ ቴሌስኮፑ እሱን መከተል እንዳለበት፣ ትንሽ ከተዛነፈ ኮከቡ ፎቶ ላይ እንደ ገብስ ፍሬ እንደሚረዝም ነገርኳቸው። በቀጣዩ ቅዳሜ ማታ ሽሮ ሜዳ ቤቴ ድረስ መጡ።

ፍሪሲዮኑን አላልቼ፣ ሚዛኑን እኩል አስይዤ ኮራሁ። ጋሼ ቱቦውን በጣታቸው ነካ አድርገው "ልጄ፣ ካሜራው የታለ?" አሉ። ለካ አላሰርኩትም! ከነካሜራው፣ ከነገመዱ፣ ክዳኑን አንስተን እንደገና መዘንን። የተንጠለጠለውን ገመድም ራሳቸው አሰሩት፤ እሱም ይጎትታል።

"አሁን እኩል ነው" ስላቸው ሳቁ። "እኩል ከሆነማ የማርሹ ጥርስ በመሀሉ ባለው ክፍተት ወዲያ ወዲህ ይላል። ትንሽ ይክበደው፣ ተደግፎ ይሂድ።" ይህን ከቶርኖ እንጂ ከሥነ ፈለክ አልተማሩትም። ታኅሣሥ ስለነበር ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ብረቱ ያለውም በምሥራቅ በኩል። ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውጭ ገፋሁት። ኦሪዮን አናታችን ላይ አልፎ ቴሌስኮፑ ሲገለበጥ (ከብረቱ ጋር ጎን ሲቀያየር) ደግሞ ወደ ውስጥ መመለስ አለብኝ።

3 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) የነበረው የመከተል ስህተት ወደ 1 ወረደ። ማቆሚያው የሚስተካከልበት የሰሜን ኮከብ ነገር ግን ለእሳቸውም መላ የለው። አዲስ አበባ ላይ ከፍታው 9 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከእኛ ግቢ እንጦጦ ጋርዶታል።

ለመጡበት አልተቀበሉኝም። ቡናቸውን ጠጥተው፣ ኦሪዮንን አይተው ሄዱ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ዘንጉን ያዙ፤ በአፍ በተነገራቸው ቁጥር ብረት አይቆርጡም።