ስምንት ወር ከተስተካካይ የካምሻፍት ፑሌጃ ጋር፦ ጌጁ እንዴት እንደሸወደኝ

ሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ጉልበት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ፓምፕ) ባለው መኪናዬ ላይ ተስተካካይ የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ፑሌጃ ከገጠምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለአየር ማስገቢያው ካምሻፍት፣ ሌላው ለጭስ ማውጫው። አሠራሩ ቀላል ነው። አምስት ብሎን ይላላል፣ መሃሉ ከጥርሱ ተለይቶ ጥቂት ዲግሪ ይዞራል፣ ተመልሶ ይጠብቃል።

የገዛሁት አየር ስለሚባክንብኝ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የጭስ ቫልቩ ገና ሳይዘጋ የአየሩ ቫልቭ መከፈት ይጀምራል። ሱፐርቻርጀር በሌለው ሞተር ይሄ ይጠቅማል፤ የሚወጣው ጭስ አዲሱን አየር ስቦ ያስገባዋል። የእኔ ሞተር ላይ ግን አየሩ ተገፍቶ ነው የሚመጣው። ሁለቱም በር ተከፍቶ ካገኘ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሱፐርቻርጀሩ የለፋበት አየር ለማርሚታው ሲሳይ ሆነ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ተስገበገብኩ። የአየሩ ቫልቭ ዘግይቶ እንዲከፈት ካምሻፍቱን በአንዴ 5 ዲግሪ አዘገየሁት። ልብ በሉ፣ ካምሻፍት አንዴ ሲዞር ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሁለቴ ይዞራል፤ ፑሌጃው ላይ 5 ያለው ክራንክሻፍት ላይ 10 ነው። አስነስቼ ወጣሁ። የግፊት ጌጁ ድሮ 0.5 ባር ላይ የሚቆመው 0.6 ገባ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ ነዳሁት። አንድ ነገር ግን አልጥም አለኝ። በደቂቃ ከ5,500 ዙር በላይ ይበራል፣ ከታች ግን ይጎተታል። ባዶ ሜዳ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ከ2,500 እስከ 4,000 ዙር ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ሰዓት ይዤ ለካሁት። ከበፊቱ ተንቀርፍፏል! ግፊት ጨምሮ ጉልበት መቀነሱ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

በኋላ ነው የተገለጠልኝ። የእኔ ዓይነቱ ሱፐርቻርጀር በእያንዳንዱ ዙር ያው መጠን ያለው አየር ነው የሚገፋው። ጌጁ ላይ የሚታየው ሞተሩ ውጬ አልጨርስም ያለው አየር ነው። ቫልቩ ዘግይቶ ሲዘጋ፣ በዝቅተኛ ዙር ወደ ላይ የሚመለሰው ፒስተን የገባውን አየር መልሶ ያስወጣዋል። ያ አየር ማስገቢያው ውስጥ ይታጨቅና መርፌውን ከፍ ያደርገዋል። እኔ እሱን አይቼ ነው ስፈነድቅ የነበረው።

ስለዚህ ወደኋላ ተመለስኩ። የአየሩን 2 ዲግሪ ብቻ አዘገየሁ፣ የጭሱን 2 ዲግሪ አስቀደምኩ። ሁለቱ ቫልቮች አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ በክራንክሻፍት ሲቆጠር 8 ዲግሪ ጠበበ። ጌጁ 0.55 ላይ ቆመ። ሰዓቱ ግን ከታችም ከላይም ፈጠነ። ሚኒሞውም (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ረጋ። የነዳጅ ማስተካከያውን እንደገና ማሠራት ግድ ነው፤ አየር በጭስ ማውጫው በኩል ሲያመልጥ የኦክስጅን ሴንሰሩ ከእውነቱ የቀጠነ (ነዳጅ ያነሰው) ድብልቅ ያነባል፣ ማምለጡ ሲቀንስ ንባቡም ይቀየራል።

ሦስተኛው ወር ላይ ጉድ ሊሠራኝ ነበር። ጠዋት ሳስነሳው ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። ኮፈኑን ከፍቼ የቺንጋውን ሽፋን አነሳሁ። ስገጥም በፑሌጃው ላይ ያሰመርኩት ነጭ የቀለም መስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ብሎኖቹ ላልተው መሃሉ ተንሸራቷል። ጥፋቱ የኔው ነው፤ በመለኪያ ቁልፍ ሳይሆን በእጄ ግምት ነበር ያጠበቅኳቸው። ትንሽ ቢቆይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጩ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ ነው። አሁን የብሎን ማጣበቂያ ቀብቼ በትክክለኛው ልክ አጥብቄያለሁ። በነካሁት ቁጥርም ከማስነሳቴ በፊት ሞተሩን በእጄ ሁለት ሙሉ ዙር አዞረዋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማዞረው። አንዳች ነገር ከያዘኝ አቆማለሁ።

ዕቃው ራሱ ጠንካራ ነው። የማልወድለት የዲግሪ ምልክቶቹን ነው፤ ደቃቅ ናቸው፣ ዘይት ሲነካቸው አይታዩም። በመርፌ ጭሬያቸዋለሁ። ቺንጋው በሚያልፍበት ጥርስ ላይ ቀለሙ መላጥ ጀምሯል። ቺንጋ ስቀይር ፈትቼ አየዋለሁ። የጭሱን አንድ ዲግሪ ልጨምርለት እያልኩም ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሰዓት ይዤ ነው የምወጣው።