ሞራ ቢላዋ፦ ከ14 ወራት የባሌ ጉዞ በኋላ

ከአምናው ሰኔ መግቢያ እስከ ዘንድሮው ሐምሌ መጨረሻ ድረስ፣ ለዕፅዋት ጥናት ወደ ባሌ ተራሮች በወጣሁ ቁጥር ከወገቤ ያልተለየው አንድ ቢላዋ ነው። ስዊድን ውስጥ በሞራ ከተማ አካባቢ ለዘመናት ሲሠራ የኖረውና በከተማዋ ስም የሚጠራው ዓይነት ሲሆን፣ ስቶክሆልም የሚኖረው ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አፎቱ ፕላስቲክ ነው፤ ብረቱም ካርቦን የበዛበት እንጂ ዝገት የማይነካው ዓይነት አይደለም።

ቀደም ሲል የምይዘው ሰንጢ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው የሳነቴ አምባ ላይ የጭነት ፈረስ ገመድ ስቆርጥ መቆለፊያው ለቀቀና ስለቱ ጠቋሚ ጣቴ ላይ ታጠፈብኝ። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ሰዓታት በሚወስድበት ቦታ እንዲህ ያለ ቁስል ቀላል ነገር አይደለም፤ የማይታጠፍ ቢላዋ ለመያዝ የወሰንኩትም ያን ዕለት ነው። ጀርባቸው መጋዝ የሆነ፣ እጀታቸው ውስጥ ኮምፓስና ክብሪት የሚቀመጥባቸው ትልልቅ ቢላዋዎች ዓይን ይስባሉ። ነገር ግን እጀታው ባዶ የሆነ ቢላዋ ብረቱ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ብቻ ስለሆነ፣ ኃይል በሚበዛበት ሥራ የሚሰበረው እዚያው መጋጠሚያው ላይ ነው።

የዚህን ቢላዋ ዋጋ በሚገባ ያወቅሁት በዘንድሮው ሐምሌ፣ በዲንሾ ከተማ አቅራቢያ፣ ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውጭ በአንድ ገበሬ ግቢ ድንኳን ተክለን ባደርንበት ምሽት ነው። የምድጃችን ጋዝ አልቋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲጥል የዋለው በረዶ ቀላቅሎ የሚዘንብ ዝናብ ልብሳችንን አርሶታል። ባለቤቱ የሰጡን የእጅ አንጓ የሚያህል የደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ ላዩ ከመራሱ የተነሣ በጣት ሲጫኑት ውኃ ያወጣ ነበር። ስለቱን በጉማጁ ራስ ላይ አጋድሜ በሌላ እንጨት ጀርባውን ቀስ እያልኩ ስመታው ጉማጁ ለአራት ተሰነጠቀ። ውስጡ ቀላ ያለና ደረቅ ነበር፤ የጥዱ ሽታም ወዲያው ድንኳኑን ሞላው። ከዚያ የአንዱን ፍልጥ ጫፍ ጉቶ ላይ አስደግፌ ከላይ ወደ ታች ላግሁት፤ እያንዳንዱ ፍቅፋቂ እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ ሳይበጠስ ከሥሩ ተጠቅልሎ ቀረ። በደጅ፣ በዳሱ ሥር፣ አንዲት ክብሪት በቃችው። ጎማ ወይም ላምባ ሳንፈልግ ሻይ አፈላን።

እሳቱን በግቢ ማንደዳችንን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍ ብሎ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በበዛበት ስፍራ ቢላዋ እንጨት ለመፍለጥ መውጣት የለበትም፤ አስታ በበጋ በቀላሉ ይያያዛል፣ በ1992 ዓ.ም. በባሌ የደረሰውን ቃጠሎ የሚያስታውስ ሰው ይህን አይስተውም።

መሳሉ እጅግ ቀላል ነው። ስለቱ ከሁለቱም ወገን አንድ ሰፊ ተዳፋት ብቻ ስላለው፣ ያ ጎን ድንጋዩ ላይ ለጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ማዕዘኑን በግምት መፈለግ አያስፈልግም። ከወንዝ ዳር ያነሣሁት ለስላሳ ድንጋይና ጥቂት ውኃ ለአሥር ደቂቃ ይበቃሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንጥረኛ ከመኪና ባሌስትራ የሠራለት ቢላዋ አለው፤ ብረቱ ጥሩ ነው፣ ለመፍለጥም ከእኔው ይበልጣል፣ ነገር ግን ወፍራም በመሆኑ ስስ ፍቅፋቂ አያወጣም፣ ሽንኩርትም ሲከትፍ ይሰነጥቃል። በካምፕ ከምሠራው ሥራ አብዛኛው ሽንኩርት መክተፍ፣ ገመድ መቁረጥና የድንኳን ካስማ መቅረጽ መሆኑን ልብ ይሏል።

ዋናው ድካም ዝገት ነው። መስከረም ላይ ሳላደርቀው በአፎቱ ለሦስት ቀን ትቼው፣ ሳወጣው ቀያይ ነጠብጣብ ጥሎበት አገኘሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በእርጥብ ጨርቅና በአመድ ፈትጌ፣ አድርቄ የምግብ ዘይት ቀባሁት። ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ስለቱ ግራጫ እየሆነ መጥቷል፤ ይህ ግን ዝገት አይደለም፣ እንዲያውም ቀዩን ዝገት በመጠኑ ይከላከላል። በወንዝ ዳር ወይም በባሕር አጠገብ የሚውል ሰው ግን የማይዝገውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ እንደማይደርስ መዘንጋት አይገባም። ከእጅ አንጓ የወፈረ ወይም አንጓ የበዛበትን እንጨት አልፈልጥበትም፤ ለዚያ የመንደሩን መጥረቢያ እዋሳለሁ። በአውሮፕላን ወደ ሮቤ ስሄድ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስገባዋለሁ። የአፎቱ የቀበቶ ማያያዣ ወፍራም ጃኬት ሲለበስ ስለሚላቀቅብኝ፣ ከጥር ወዲህ በሲባጎ ከቀበቶዬ ጋር አስሬዋለሁ።