«ያልተነካካ» ወይስ «የታደሰ»? አሮጌ ሬዲዮ ለመግዛት ላሰባችሁ

እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ የተሠራ የጀርመን ባለ ቫልቭ (ከትራንዚስተር በፊት የነበረው፣ አምፖል የሚመስል የመስታወት ዕቃ) ሬዲዮ ስትፈልጉ ሁለት አገኛችሁ እንበል። አንዱ ሻጭ «ያልተነካካ፣ ኤሌክትሪክ ላይ አልሰካሁትም» ይላል። ሌላው «ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ ይሠራል» ይላል፤ ዋጋውም ጠንከር ያለ ነው።

«ይሠራል» ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መብራቱ በራ ለማለት ነው? ጣቢያ ያዘ? ለስንት ሰዓት ተጫወተ? እኔ ራሴ «ይሠራል» የተባለ ሬዲዮ ገዝቼ ሩብ ሰዓት ያህል ካዳመጥኩት በኋላ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የሄደው ትራንስፎርመሩ ነበር። እሱን አግኝቶ መተካት ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል።

ምክንያቱ ካፓሲተሮቹ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚለቁት ትንንሽ ዕቃዎች። በሰምና በወረቀት የተሠሩት አሮጌዎቹ ከጊዜ ብዛት ኤሌክትሪክ ያሾልካሉ፤ ሌሎቹ ውስጣቸው ይደርቃል። ሳይፈተሽ ዘሎ 220 ቮልት ላይ የሰካው ሰው ጤነኛውን ዕቃ ሁሉ ይዞ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ «አልሰካሁትም» ያለው ሻጭ ደስ ሊላችሁ ይገባል። ካፓሲተሮቹን የሚቀይርላችሁ ሬዲዮ ጠጋኝ ካላችሁ እሱን ግዙ።

የታደሰውን ከመረጣችሁ ምኑ እንደታደሰ ጠይቁ። ካፓሲተሮቹ ተቀይረው ቫልቮቹ ተለክተው ከሆነ ጭማሪው ይገባዋል። ሳጥኑ ተፍቆ እንደ አዲስ ቫርኒሽ ከተቀባ ግን ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። የድሮው ቅብ ቢጫጫርም የራሱ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። የጀርባ ክዳኑ ተከፍቶ የውስጡን ፎቶ እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ፎቶ የማይልክ ሻጭ ቢቀርባችሁ ይሻላል።

ሁለቱም ላይ የማልደራደርበት ነገር የጣቢያ ስም የተጻፈበት መስታወት ነው። ጽሑፉ ያለው ከመስታወቱ ጀርባ በኩል ነው። በእርጥብ ጨርቅ የወለወለው ሰው ካለ ፊደሉ አብሮ ይነሳል፤ ምትኩን ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ጣቢያ ሲያዝ የምትጠበው፣ ዓይን የምትባል አረንጓዴ መብራትም ካለች ጨለማ ውስጥ በርታ የተነሳችውን ፎቶ ጠይቁ፤ ብዙ የሠራች ዓይን ትደበዝዛለች። የጎደለ ማዞሪያ ወይም የጀርባ ክዳን ከአንድ የተቃጠለ ቫልቭ ይልቅ ያስቸግራል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ልታዳምጡበት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አለ። የዚያ ዘመን የጀርመን ሬዲዮ ኤፍ ኤም ቢኖረውም ብዙውን ጊዜ 100 ላይ ያበቃል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን እና ፋና 98.1ን ይይዛል፤ ሸገር 102.1 ግን ከሰሌዳው ውጭ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛው በ110 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ቮልት መቀነሻ ሳይኖር እንዳትሰኩት።

ባለ ድንጋይ ትራንዚስተር ከሆነ ጥያቄው አጭር ነው፦ የድንጋዩን ቤት ክፈቱና ፈሶ የበላው ብረት እንዳለ እዩ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሳጥኑ ያልተነካካ፣ ውስጡ የታደሰ፣ የወጡት አሮጌ ካፓሲተሮችም በፖስታ ተይዘው አብረው የሚሸጡበት ሬዲዮ ካገኘሁ የተባልኩትን እከፍላለሁ።