ሕንፃችንን ለፈተሹልን የእሳት ደኅንነት ባለሙያ ምስጋና፣ ለሌሎች ኮሚቴዎችም ጥቆማ

አፓርታማችንን ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ፈትሸው የማምለጫ ዕቅድ ላወጡልን ባለሙያ የነዋሪዎች ኮሚቴው ከልብ ያመሰግናል። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለጉምና አድራሻቸውን የምትሹ በውስጥ መስመር ጠይቁን። የምንጠቁማቸው በምን ምክንያት እንደሆነ ግን እዚሁ እንናገር።

በዚህ ሙያ ማጥፊያ ሸጦ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚሄደው ብዙ ነው። እሳቸው የጀመሩት ከደረጃው በሮች ነው። በእሳት አደጋ ከቃጠሎው ይልቅ ብዙ ሰው የሚጨርሰው ጭስ ነው፤ የደረጃው በር በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ከዋለ ደግሞ ከታች የተነሳው ጭስ በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ የላይኞቹን ነዋሪዎች መውጫ ያሳጣቸዋል። እናም እያንዳንዱን በር ከፍተው ለቀቁት፤ ማንም ሳይገፋው የመቆለፊያው ምላስ እስኪገባ ድረስ ያልተዘጋውን መዘገቡ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፦ በሩን የሚመልሰው ክንድ ዘይቱን አፍስሷል፣ ብሎኑ ላልቷል፣ ወይም በሩ ወለሉን ይፈትጋል። ከደረጃ ሥር ፍራሽና ካርቶን አስነሱ። ኮሪደር ላይ ቻርጅ የሚደረገውን የኤሌክትሪክ ብስክሌትም እንዲሁ፤ የሊቲየም ባትሪ ሲፈነዳ መውጫውን በሰከንዶች ውስጥ በእሳትና በመርዛማ ጭስ ይዘጋዋልና።

ማጥፊያዎቹን ሲያዩ የጌጁ ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑ አላረካቸውም። ጌጁ የሚናገረው ስለ ግፊቱ ነው፤ በውስጡ ያለው እሳት የሚያጠፋው ዱቄት ታች ተጋግሮ ከሆነ ጋዙ ብቻ ይወጣል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማጥፊያ ጌጅ ስለሌለው በሚዛን መዝነው ሲሊንደሩ ላይ ከተጻፈው ክብደት ጋር አስተያዩት። ለነዋሪውም በግልጽ ነገሩት፦ ባለ 6 ኪሎው የዱቄት ማጥፊያ ሲረጭ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ስለዚህ ጀርባን ለመውጫው ሰጥቶ፣ 2 ወይም 3 ሜትር ርቆ፣ የነበልባሉን ጫፍ ትቶ ሥሩን መምታት ነው፤ ካልጠፋ ጥሎ መውጣት። መጥበሻ ላይ የተቀጣጠለ ዘይት ውኃ አይነካውም፤ ምድጃውን አጥፍቶ መክደን፣ እስኪቀዘቅዝም አለመክፈት።

ዕቅዱ አንድ ገጽ ነው፣ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። እሳቱ የተነሳው ከእናንተ ቤት ከሆነ ሁሉም ይወጣል፤ በሩ ይዘጋል እንጂ አይቆለፍም፤ አላርሙ ይደወላል፤ ሊፍት አይነካም። እሳቱ ሌላ ቦታ ሆኖ በሩ በእጅ ጀርባ ሲነካ ከጋለ ወይም ኮሪደሩ በጭስ ከታፈነ ግን አትውጡ፦ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ፣ መስኮት ወዳለው ክፍል ግቡ፣ ደውላችሁ ፎቁንና የቤት ቁጥሩን ተናገሩ። የመስኮት ፍርግርግ ቁልፍ በየቤቱ በአንድ የታወቀ ቦታ እንዲሰቀል ያደረጉት ለዚህ ነው። ብቻቸውን ደረጃ መውረድ ለማይችሉ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ረዳት ተመደበ፤ አንዱ ከቤት ላይገኝ ይችላልና። መሰብሰቢያው ከዋናው በር እንዲርቅ ተደረገ፣ የእሳት አደጋ መኪናው በዚያ ስለሚገባ።

የምሽቱን ልምምድ ያደረጉት የሕንፃውን መብራት አጥፍተው ነው። የአደጋ ጊዜ መብራቶቹ የመፈተሻ ቁልፋቸው ሲጫን ሁሉም ይበሩ ነበር፤ ነገር ግን 90 ደቂቃ ሙሉ ሲሞከሩ ባትሪያቸው የደከመው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጠፉ። በቁልፍ መጫን ብቻ ይህ አይታወቅም።

አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢኖር ሪፖርታቸው ረጅም መሆኑ ነው፤ የቅድሚያ ዝርዝሩን ለብቻው እንዲሰጧችሁ ጠይቋቸው። ከመምጣታቸው በፊትም የጣሪያውን፣ የፓምፕ ክፍሉንና የኤሌክትሪክ ክፍሉን ቁልፍ አዘጋጁ፤ ተከፍቶ ያላዩት ክፍል ላይ አይፈርሙም።